የቤዝ ተጫዋች ስም ለምን አይታወቅም? ከጀሜርሰን እስከ ጆቫኒ ሪኮ

ባለአራት ክር (የካ አባዶ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ክርክር ይዤ መጥቻለሁ።

ጥያቄው አጭር ነው። በፖፕም ይሁን በጃዝ፣ ከሁሉ በላይ ተጽዕኖ ያሳደረው ቤዝ ተጫዋች ማን ነው? ጣቱ የፈጠነውን አላልኩም። እሱ ከመጣ በኋላ ሌሎቹ እንደ ድሮው መጫወት ያቃታቸውን ሰው ነው የምፈልገው።

የኔ ሰው ጄምስ ጀሜርሰን ነው። የዲትሮይቱ፣ የሙዚቃ አሳታሚው የሞታውን ሰው። የ1960ዎቹን የሞታውን ዘፈን የሰማ ሁሉ እሱን ሰምቷል። ስሙን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ከቀኝ እጁ ክሩን የሚመታው አንድ ጣት ብቻ ነበር፤ አመልካች ጣቱ። «መንጠቆው» ይሉት ነበር። የ1962 ሥሪት ፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝ ነበረችው። ክር አይቀይርም። ካልተበጠሰ ያው ነው። ክሩ ከአንገቱ ከፍ ብሎ የተወጠረ ስለነበር ሌላ ሰው ሲይዛት ጣቱ ይላጣል። ያ ድፍን ያለ ወፍራም ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው።

ከሱ በፊት የፖፕ ቤዝ ሥራ ቀላል ነበር። አንደኛውንና አምስተኛውን ኖታ እያፈራረቁ መምታት ነው፤ በቃ። ጀሜርሰን ግን በኮንትራባስ፣ ቆሞ በሚያዘው ትልቁ ቤዝ፣ ጃዝ እየተጫወተ ያደገ ሰው ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እሱ ይገባል። ዘፋኙ ሲመለስ ገለል ይላል። ቤዙን ብቻ ለይታችሁ ብትሰሙት ራሱን የቻለ ዜማ አለው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሞታውን የተጫዋቾቹን ስም ሽፋን ላይ የጻፈው በ1971 የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ የዘፋኙ ስም አለ፣ የአጃቢው የለም። ሰውየው በ1983 ሲሞት ገና 47 ዓመቱ ነበር።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናንተም እንደዚያው አድርጉ፤ አለዚያ ስንደመርና ስንቀንስ እናመሻለን።)

በሉ፣ የናንተን አምጡ።

ከበሮ መቺው (ሰበታ)፦
ጃኮ ፓስቶሪየስ። አለቀ። ይሄን የውይይት ክር መዝጋት ይቻላል።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦
ድራመር ሁሉ ጃኮን ይላል። ጃዝ ካልክ ወደ ኋላ ሄደህ ጂሚ ብላንተንን ማንሳት አለብህ። በ1939 ዱክ ኤሊንግተን ባንድ ውስጥ ሲገባ ልጅ ነው። በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ 23 ዓመቱ ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ ኮንትራባስን ከምት ጠባቂነት አውጥቶ እንደ ሳክስ የሚናገር መሣሪያ አደረገው። ኤሊንግተን ራሱ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ማንም ሳይኖር፣ ከሱ ጋር ለሁለት ቀርጿል። በዚያ ዘመን ለቤዝ ተጫዋች እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ የባንድ መሪ ማን ነበር?

ከሱ መስመር ኦስካር ፔቲፎርድ መጣ፣ ሚንገስ መጣ፣ ፖል ቻምበርስ መጣ። ሚንገስን ቤዝ ተጫዋች ብቻ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ባንድ የሚመራ፣ ሙዚቃ የሚደርስ፣ መድረክ ላይ ተቆጥቶ ጨዋታ የሚያስቆም ሰው ነበር። እኔ የምመርጠው ግን ቻምበርስን ነው። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በ1959 ተቀረጸ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ክፈቱት። ከአጭር መግቢያ በኋላ ዜማውን የሚያወጣው ቤዙ ነው። ትራምፔትና ሳክሶቹ በሁለት ምት ብቻ ይቀበሉታል። ባንዱን ሙሉ ተቀባይ አድርጎ አውጪው ቤዝ ሆነ ማለት ነው። ያን አልበም የገዛ ሰው ሁሉ ማይልስን ገዛሁ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ዜማውን የሚነግረው ግን ቻምበርስ ነው። እሱም በ33 ዓመቱ ሞተ።

ሮን ካርተርን ደግሞ አትርሱ። በ1937 የተወለደ ሰው ነው። ከ2,200 በላይ ቀረጻ ላይ ተጫውቶ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስኮት ላፋሮን ለጊዜው ልተወው፣ ስለሱ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ከበሮ መቺው (ሰበታ)፦
እህቴ፣ አክብሬሻለሁ። ግን ለሁሉም «መጣ» እያልሽ የጃኮን ብቻ ዘለልሽው።

ልንገርሽ። የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዝ ገዛ። ፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን የብረት መስመሮች፣ ነቀለ። ክፍተቱን በእንጨት ሙሊት ደፍኖ፣ ላዩን ጀልባ በሚቀባበት ኢፖክሲ ሸፈነው፤ የብረቱ ክር እንጨቱን እንዳይበላው። ፍሎሪዳ ያደገ ልጅ ነውና የጀልባ ቀለም አያጣም። ከዚያ በኋላ ቤዝ ጊታር እንደ ማሲንቆ መንሸራተት ጀመረ። ጣቱ በሁለት ኖታ መካከል ያለውን ሁሉ ያገኘዋል። 1976ን ብቻ ውሰጂ። የራሱ የመጀመሪያ አልበም በዚያ ዓመት ወጣ፣ ዌዘር ሪፖርት የሚባለው የጃዝ ባንድ ውስጥ ገባ፣ ዘፋኟን ጆኒ ሚቸልን «ሄጂራ» አልበሟ ላይ አጀበ። በአንድ ዓመት!

ከሱ በፊት ቤዝ ላይ ሃርሞኒክ፣ ክሩን በስሱ በመንካት የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ፣ የሚጫወት ሰው ለቅመም ያህል ነበር። እሱ ሙሉ ዜማ ሠራበት። በ1987 ከአንድ ክለብ ደጃፍ ላይ ተደብድቦ ሞተ። 35 ዓመቱ ነበር።

አሁንም ጃኮ።

ሳውንድ ቃሊቲ (ቃሊቲ)፦
እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ሳውንድ ሲስተም አከራያለሁ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የሰፈር ባዛር። ስለዚህ የምናገረው ከስፒከሩ ጀርባ ሆኜ ነው።

ጥያቄያችሁ ውስጥ ያልተነካ ነገር አለ። ሰው የቤዝ ተጫዋችን ስም የማያውቀው ቤዙን ስለማይሰማው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ነው። የስልክ ስፒከር ያን ማውጣት አይችልም። እናንተ በስልክ የምትሰሙት የዚያን ድምፅ የላይኛውን ቅሪት ነው፤ የታችኛውን ጆሯችሁ ገምቶ ይሞላዋል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሾፌሩ ከኋላ ወንበር ስር ቡፈር አስገብቶ ሁሉንም ኖታ አንድ «ዱም» ያደርገዋል። ጀሜርሰን ይሁን ኪቦርድ ማን ይለያል?

የዚያ ድምፅ ሞገድ ርዝመት ስምንት ሜትር ያህል ነው። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት አያቆመውም። ጎረቤት የሚጮኸው በዘፋኙ አይደለም፤ ዘፋኙ ግድግዳ አያልፍም። የሚጮኸው በቤዙ ነው። ስሙን ሳያውቅ ይረግመዋል።

አሁን ወደ ገበያው። ባለሰርጉ ባንድ ሲጠይቅ ዋጋ ይነገረዋል። ይደነግጣል። «ዋን ማን ባንድ የለም?» ይላል። አለ። አንድ ሰው ኪቦርድ ይዞ ይመጣል። ድራሙ ከፍላሽ፣ ቤዙ ከግራ እጁ ወይም ከስታይሉ፣ ኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ከተጫነው አጃቢ። ሰው ይጨፍራል፣ እስክስታው ይወርዳል፣ ማንም ምን ጎደለ አይልም። እኔ ግን ከሚክሰሩ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። የኪቦርዱ ቤዝ ከዘፋኟ ጋር አይተነፍስም። ስትዘገይ አይጠብቃትም።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦
ሳውንድ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ታሪኩ ተገላቢጦሽም አለው። ላሪ ግራሃምን ታውቀዋለህ? ከእናቱ ጋር ባንድ ነበራቸው። እናቱ ፒያኖ፣ እሱ ጊታርና የኦርጋን የእግር ቤዝ፣ አንድ ደግሞ ድራመር። ኦርጋኑ ተበላሸ፤ ለጊዜው ብሎ ቤዝ ተከራየ። ኦርጋኑ ሳይጠገን ቀረ። በኋላ ድራመሩም ቀረ። ያኔ በአውራ ጣቱ ክሩን እየደለቀ የባስ ድራሙን፣ በሌላ ጣት እየነጠቀ ደግሞ የስኔሩን፣ የትንሿን ከበሮ፣ ሥራ ሸፈነ። የዛሬው ስላፕ ከዚያ ነው የመጣው። በኋላ ከስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ባንድ ጋር ዓለም ሁሉ ሰማው። የሰው እጥረት አንዳንዴ ተጫዋች ያስወጣል፣ አንዳንዴ ይፈጥራል።

ስለ ስም ካነሳን ካሮል ኬይ ትነሳ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጊታር ተጫዋች ነበረች። በ1963 አንድ ቤዝ ተጫዋች ስቱዲዮ ሳይመጣ ቀረና ቤዙን ሰጧት። ከዚያ ወዲህ እስከ 10,000 የሚገመት የስቱዲዮ ቀረጻ ላይ ተጫውታለች ይባላል። የምትመታው በመምቻ ነበር፣ በጣት አይደለም። ዘፈኖቹን ዓለም ያውቃቸዋል። እሷን ዓለም ያወቃት ካረጀች በኋላ ነው።

ይሄ የሞታውን ክፋት ብቻ እንዳይመስልህ፣ ባለአራት ክር። የሥራው ውል ነበር። መጣህ፣ ለሦስት ሰዓት ቀረጽክ፣ የሰዓትህን ተከፈለህ፣ ሄድክ።

ጋሽ ካሴት (ሱሉልታ)፦
ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እስከዚህ ድረስ ግን አንድ ያገራችሁን ሰው አላነሳችሁም። ዲትሮይት ሄዳችሁ፣ ፍሎሪዳ ሄዳችሁ፣ ፒያሳ ማን ይሂድ?

ጆቫኒ ሪኮ። ይሄን ስም ያዙልኝ። የአይቤክስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነው። በ1975 ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲያወጣ ያጀቡት አይቤክሶች ናቸው። ጊታሩ ሰላም ስዩም፣ ቤዙ ጆቫኒ። በቀጣዩ ዓመት ያለ ድምፃዊ በሙዚቃ ብቻ አንድ አልበም ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቀርጸዋል። በኋላ ያው ሰዎች ሮሃ ባንድ ሆኑ። ሮሃ ስንቱን ካሴት እንዳጀበ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። የናንተ እናትና አባት ሲጠናኑ የሰሙት ዘፈን ላይ ቤዙ የሱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የዋልያስ ባንዱ ቤዝ ተጫዋች መላከ ገብሬ ደግሞ አለ። ዋልያሶች ሂልተን ይጫወቱ በነበረበት ዘመን የሰዓት እላፊ ነበር። መሽቶብህ ከገባህ እስኪነጋ አትወጣም። ስለዚህ ባንዱም አያቆም፣ አንተም አትሄድ። ቤዝ ተጫዋች ማለት እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚሸከም ሰው ነው። በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት ሄዱ። ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ መላከም አንዱ ነው። ከኃይሉ መርጊያና ከሞገስ ሀብቴ ጋር ዙላ ባንድን መሠረቱ። ኃይሉ በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ እንደነበር ዓለም ጽፎለታል። የመላከን ማን ጻፈው?

እዚያው ዋሽንግተን ደግሞ አድማስ ባንድ ነበር። በ1984 አንድ አልበም አወጡ። ቤዙ ሄኖክ ተመስገን ነው። ኪቦርዱ ላይ ቴዎድሮስ አክሊሉና አበጋዝ ሺዎታ። ሄኖክ አገሩ ተመልሶ ጃዝ ያስተማረ ሰው ስለሆነ እሱን እንኳ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ።

የካሴት ሽፋን ትዝ ይላችኋል? ፊት ለፊት የዘፋኙ ፎቶ። ጎን ላይ የሙዚቃ ቤቱ ስም። ውስጡን ስታዞረው የዘፈኖቹ ዝርዝርና «አጃቢ ሮሃ ባንድ»። እዚያ ላይ ያበቃል። ማን ምን እንደተጫወተ አይጻፍም። የዲትሮይቱ ነገር የዲትሮይት ብቻ አይደለም።

ባለአራት ክር (የካ አባዶ)፦
ጋሽ ካሴት፣ እጅ ነስቻለሁ። እርስዎ ሲገቡ ክሩ ሰው ሆነ። ከአይቤክስ በፊት በነበሩት ኦርኬስትራዎች ቤዙን እነማን ይጫወቱ እንደነበር የሚያስታውሱትን ይጻፉልን።

ጋሽ ካሴት (ሱሉልታ)፦
ፊታቸው ትዝ ይለኛል። ስም ግን ሳላረጋግጥ አልጽፍም። አንዱን በሌላው ከምቀይር ቢቀር ይሻላል። በዚያ ዘመን ከተጫወቱ ሰዎች ጋር እሁድ እሁድ ቡና እንጠጣለን። ጠይቄ እመለሳለሁ።

የዓለም ገናው (ዓለም ገና)፦
ሁላችሁም ተሳስታችኋል። መልሱ አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት ነው። የቦብ ማርሌይ ዋይለርስ ቤዝ። ድራሙ ወንድሙ ካርልተን።

መጀመሪያ የተጫወተባትን ቤዝ ከኮምፔንሳቶ በገዛ እጁ የሠራ ሰው ነው። ሌላውን የሬጌ ቤዝ ተጫዋች ሮቢ ሼክስፒርን ያስተማረውም እሱ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ስትመርጡ ሁለት ታገኛላችሁ።

ሬጌ ውስጥ ቤዝ አጃቢ አይደለም። ጊታሩ «ቻክ» ብሎ ዝም ይላል። ድራሙ የመጀመሪያውን ምት ባዶ ይተወዋል፤ የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ ነው። ዘፈኑን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ስታንጎራጉሩ ግማሹን የምታንጎራጉሩት የባሬትን መስመር ነው። የማርሌይ 60ኛ ዓመት በ2005 መስቀል አደባባይ ሲከበር ያን ሁሉ ሰው ያወዛወዘው ምን መሰላችሁ? የዘፈኑን ግጥም የማያውቅ ሰው ሁሉ በቤዙ ነው የተወዛወዘው።

በስም ጉዳይ ደግሞ ይሄን ጨምሩበት። ባሬት የድርሻዬን አላገኘሁም ብሎ ለንደን ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2006 ተፈረደበት። በ2024 ሞተ። «ዘፈን ደራሲ» ማለት ግጥምና ዜማ ያወጣው ብቻ ነው ወይስ ያን የቤዝ መስመር የፈጠረውም? ፍርድ ቤት ለባሬት አልሰጠውም። እኔ እሰጠዋለሁ።

ከበሮ መቺው (ሰበታ)፦
ይሄኛው ልክ ነው፤ ጃኮን እስካልነካህ ድረስ። ባዶ ምት ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር። በ1970 ጄምስ ብራውን ባንዱ ትቶት ሲሄድ ቡትሲ ኮሊንስን አስመጣ። ልጁ 18 ዓመቱ ነበር። ቡትሲ ጣቱ አያርፍም፣ ሁሉን ቦታ ይሞላል። ብራውን ያለው እንዲህ ነው፦ በመካከል የፈለግኸውን አድርግ፣ አንደኛው ምት ላይ ግን የግድ ተገኝልኝ። ፈንክ እዚያ ላይ ነው የቆመው። እንግዲህ በአንድ ዘመን አሜሪካ አንደኛውን ምት ስትቸነክር ጃማይካ ባዶ ትተወዋለች። ከሁለቱም ስር ቤዝ ነው ያለው።

የኛዎቹም ያንን ይሰሙ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴን የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን ይሉት የነበረው በከንቱ አይደለም።

የሰሚት ቢትልስ (ሰሚት)፦
ፖል ማካርትኒን ማንም አላነሳም? ግራኝ ስለሆነ ነው በ1961 ሃምቡርግ ላይ ያቺን የቫዮሊን ቅርጽ ያላት ሆፍነር የገዛት፤ ሁለቱ ጎኗ እኩል ስለሆነ ተገልብጣ ስትያዝ አታስቀይምም። በ1972 ተሰረቀች። መገኘቷ በ2024 ተነገረ። ዘፋኝ ሆኖ ቤዝ መጫወት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

የዓለም ገናው (ዓለም ገና)፦
ማካርትኒ ስሙ ስለሚታወቅ ነው ያልተነሳው። የዚህ ክር ርዕስ ምን ይላል?

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦
ወደ ጋሽ ካሴት ሰዎች ልመለስ። ምክንያቱም የጆቫኒን ክብደት ያየሁት ራሴ የኛን ዘፈን ስሞክር ነው።

ጃዝ የተማረ ቤዝ ተጫዋች ትዝታ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው መራመድ ነው። በየምቱ አንድ ኖታ፣ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው በመንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየረገጠ። ትዝታ ግን አምስት ድምፅ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከሚ ወደ ሶል ስትሄድ ፋን ከረገጥክ፣ ላይ ያለው ዘፋኝ ምንም ሳያጠፋ ዘፈኑ ፈረንጅ ይሆናል። ስለዚህ መዝለል ትማራለህ። ባዶውን ቦታ ባዶ አድርገህ መተው ትማራለህ።

ትዝታ ገና ቀላሉ ነው። አንቺ ሆዬን ውሰዱ። ከዶ ከጀመርክ ቀጥሎ ያለው ሬ በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው፣ ከዚያ ፋ፣ ከዚያ ሶል እሱም በግማሽ የወረደ፣ ከዚያ ላ። አያችሁ? እውነተኛው ሶል የለም። ባለአራት ክር መጀመሪያ ላይ «አንደኛውንና አምስተኛውን እያፈራረቁ መምታት» ብሏል። የዓለም ቤዝ ተጫዋች ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርቱ ያ ነው፤ እጅህ ራሱ ይሄዳል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ያ አምስተኛ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ብትመታው ዘፋኟ ፊቷን ታዞርብሃለች። እና ምን ትመታለህ? ፋን ትይዛለህ፣ ወይም አንደኛው ላይ ትቀመጥና ምቱን ትለዋውጣለህ።

ችክችካው ደግሞ አለ። ስድስት ለስምንት ነው። በሁለትም በሦስትም ይቆጠራል። ከበሮው በአንዱ ሲሄድ ቤዙ በሌላው ይይዘዋል፤ ጨፋሪው ትከሻው ላይ የሚሰማው ግፊያ ከዚያ ይመጣል። ኪቦርድ ስታይል ላይ ያለው ችክችካ ሁለቱን አንድ ላይ ይጥላቸዋል። ሳውንድ «ምን ጎደለ የሚል የለም» ያለው እሱን ነው። ትከሻ ግን ያውቃል፤ ሰው ቶሎ የሚደክመው ለዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

እነዚያ ሰዎች ይሄን ሁሉ ሲሠሩ የሚያስተምራቸው መጽሐፍ አልነበረም። ከጀሜርሰንም፣ ከጄምስ ብራውን ቤዞችም ሰሙ፤ ከዚያ ለቅኝቱ የማይሆነውን ጣሉ። እኔ ተጽዕኖ የምለው ያንን ነው። እዚህ አገር ዛሬ ቤዝ የያዘ ሰው ሁሉ ጆቫኒ ሪኮ በከፈተው በር ነው የገባው፤ ስሙን ሰምቶ ባያውቅም።

ባለአራት ክር (የካ አባዶ)፦
አንቺ ሆዬ ላይ ያልሽውን አሁን ቤዙን አንስቼ ሞከርኩት። እጄ ሁለቴ ወደ ሶል ሄደ። ጀሜርሰንን አልለቅም፤ ግን ከጎኑ ቦታ ሰጥቻለሁ።

ገላን ጀማሪ (ገላን)፦
ሰላም። ጀማሪ ነኝ። ያገለገለ ባለአራት ክር ቤዝ ገዝቻለሁ። አምፕ የለኝም፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ማንን ሰምቼ ልጀምር? ጋሽ ካሴት፣ እርስዎም ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ከበሮ መቺው (ሰበታ)፦
ጃኮን አትስማ። እውነቴን ነው። ተስፋ ቆርጠህ ቤዙን ትሸጣለህ።

ሳውንድ ቃሊቲ (ቃሊቲ)፦
አምፕ ባይኖርህም ችግር የለም። የቤዙን የላይኛውን ቀንድ ቁምሳጥኑ ላይ ወይም የእንጨት በር ላይ አስደግፈህ ተጫወት። እንጨቱ ድምፁን ያወጣልሃል፤ ለመለማመድ በቂ ነው፣ መብራትም አይፈልግም። ጎረቤትም አይሰማም፣ ቁምሳጥኑ የጋራ ግድግዳ ላይ ካልተደገፈ።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦
ከመምታት በፊት ማፈን ተማር። አንዱን ክር ስትመታ ሌሎቹ ሦስቱ ዝም ማለት አለባቸው። አውራ ጣትህን ወፍራሙ ክር ላይ አሳርፍ፣ የግራ እጅህን ጣቶች ሌሎቹ ላይ በስሱ ጣል። ጀማሪ የሚታወቀው በተሳሳተ ኖታ አይደለም፤ ማብቃት በነበረበት ቦታ ባላበቃ ኖታ ነው። ስልክህ ላይ ሜትሮኖም ጫን፤ ሲመችህ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ እንዲመታ አድርገው። የቀሩትን አንተ ቁጠር።

ጋሽ ካሴት (ሱሉልታ)፦
ልጄ፣ የማህሙድን የ1975ቱን አልበም ውሰድ። በጆሮ ማዳመጫ እንጂ በስልክ ስፒከር አይሆንም፤ ሳውንድ ከላይ ያለውን አንብብ። መጀመሪያ እንደ ሰው ስማው። ቀጥሎ ማህሙድን እርሳው፣ ከባድ ነው ግን ሞክር። ቤዙን ብቻ ተከተልና በአፍህ አንጎራጉረው። ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ማንጎራጎር ከቻልክ ያኔ መሣሪያውን አንሳ። ከዚያ በፊት ጣትህን አታድክም። ከፈረንጅ ደግሞ ጀሜርሰንን፤ ባለአራት ክር እንዳይቀየመኝ።

ሳውንድ ቃሊቲ (ቃሊቲ)፦
እዚሁ እያለን ልጠይቅ። ለጥር ሙሉ ባንድ የፈለገ ባለሰርግ አግኝቻለሁ፣ በስንት ጊዜ። ቦታው ለገጣፎ ነው። ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሳክስ አለ። ቤዛችን ዱባይ ኮንትራት አግኝቶ ሄደ። ችክችካ የሚችል፣ የራሱ ቤዝ ያለው ሰው እፈልጋለሁ። አምፑና ኬብሉ ከኔ ነው። ክፍያው በውስጥ መስመር።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦
እኔ አለሁ። ክፍያውን ግን እዚሁ ጻፈው።

ሳውንድ ቃሊቲ (ቃሊቲ)፦
አንቺ መድረክ ላይ ትጫወቻለሽ እንዴ?

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦
እስካሁን ስለ ምን ሳወራ የነበረ መሰለህ? ክፍያውን ጻፍ። ትራንስፖርትም ጨምርበት፤ ከኮዬ ለገጣፎ ቤዝ ተሸክሜ ሦስት ታክሲ አልቀያይርም።